የእማማ ወርቄ መቀነት

ልጅ ሳለሁ፣ ቴፒ፣ ከቡና ለቀማ ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች ጎረቤታችን እማማ ወርቄ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስለቅስ፣ እሳቸው ተረት ይነግሩናል፤ ሳትሳሳት ለደገመችላቸው ልጅ መቀነታቸውን ፈትተው ያስታጥቋታል፣ እስከ ነገ ማታ የሷ ነው። ምላሴ ያኔም አያርፍም ነበርና መቀነቱ ከወገቤ ወርዶ አያውቅም።

አንዱ ተረት ለመንገደኛ የምንጭ ውሃ ስለከለከለች ሴት ነበር። ምንጩ ተቆጥቶ ወገቧ ላይ ጭርት አወጣባት፤ ጭርቱ እየሰፋ ሄዶ ወገቧን ዞሮ የገጠመ ዕለት ሞተች።

በዚያው ክረምት እኔንም ወገቤን ያሳክከኝ ጀመር። ገልጬ ባየው ጠርዙ የቀላ ክብ! የተረቷ ሴት ትዝ አለችኝ። የሰውን ጓዳ የማወራው ልጅ የራሴን ገመና ለእማዬ እንኳ ሳልነግር ዋጥኩት። ጠዋት ጠዋት በጣቴ እለካዋለሁ፤ ይሰፋል።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ እማማ ወርቄ ቤት መጥታ ሳክ አየችኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ!» ብላ ገለጠችኝ።

«ሊገጥም ነው፣ ልሞት ነው!» ብዬ ተንሰቀሰቅኩ።

«ጭርት ነው የሚገድልሽ? ፈንገስ እኮ ነው! እርጥብ ልብስ ይወዳል፣ በልብስም ይጋባል። ይሄ መቀነት የማን ነው?»

ክንዳቸውን እንኳ ለሰው የማያሳዩት እማማ ወርቄ ብድግ ብለው ቀሚሳቸውን ከወገባቸው በላይ ሰበሰቡ። ክው አልኩ! ከእምብርታቸው እስከ ጀርባቸው፣ ዙሪያውን ጠቁሮ ተልጧል።

«የኔ ከገጠመ ሰባት ክረምት ሆነው፣ ልጄ» አሉ። «ተረቱን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ማታ ማታ ‹ዛሬ ነው› እያልኩ ነው የምተኛው።»

የኔ በቅባት ለቀቀኝ። የሳቸው የከረመ ነበርና ጤና ጣቢያ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ማሳከኩ ሲተዋቸው አቋርጠው እንደገና አገረሸባቸው። ሁለተኛውን ዙር እስኪጨርሱ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ «ይዋጧት እስቲ!» የምለው እኔ ነበርኩ። «ይቺ ነገረኛ!» እያሉ ይውጣሉ። ልብሳቸውንም በፈላ ውሃ እያጠብን፣ ፀሐይ ስትወጣ ጠብቀን እናሰጣ ነበር።

ድነዋል። እኔ ግን እስካሁን ይደንቀኛል፦ ዓይኔ ነገር አይስትም ባይዋ፣ ያን ሁሉ ማታ ፊታቸው ተቀምጬ፣ አንዴ እንኳ ሲያኩ አላየሁም። እኛ እስክንወጣ እንዴት ይችሉት ነበር?