አልዳነም ያልኩት ፊልም

ላብራቶሪ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ዶክተር ኤልያስ ምላጭ ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፊልም ተዘርግቷል። «ቁረጪው» አሉኝ። ደህና ነገር መቁረጥ አልለመድኩምና እጄን ሰበሰብኩ። ፈገግ ብለው ራሳቸው ቆረጡት። ሁለቱን ጫፎች አጋጠሙና በጣታቸው ጫን አሉ።

«አሁን ተይው፣ ይዳን።»

ከምሳ ስንመለስ ሳብኩት፤ አልተላቀቀም። በመዝገቡ ላይ የናሙናውን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ በመጨረሻው ዓምድ «ዳነ» አልኩ። የቤቱ ቋንቋ ይኸው ነበር። ካልገጠመ «አልዳነም» ይባላል።

ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ወለል አጸዳ ነበር። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ያየዋል። «ዳነ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አላየሁትም።

ፊልሙ በጨርቅ ማሰሪያ ላይ ተሰፍቶ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሴንሰር ይሆናል። ከባትሪ ኃይል አይፈልግም። እጅ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ያሉት ሁለት ንብርብሮች ይነካካሉ፣ ይላቀቃሉ፤ ከዚያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ እሱም የእጁን እንቅስቃሴ ይነግረናል። ቁልፍ የምታክል መዝጋቢ ሁሉንም ትይዛለች። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች አስረውት ይሰነብታሉ፣ በሳምንቱ ሲመጡ እኔ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ እንጂ ምልክቱን ከፍቼ አላየውም።

ከእነሱ አንዷ አዴ ሙሚና ነበሩ፤ እዚህ ትልልቅ ሴቶችን አዴ እንላለን። የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው፤ ፈረስ መጋላ ገበያ እየመጡ ለውዝ ይሸጣሉ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሴንሰሩ እንደሚለካ እንጂ እንደማያክም ቅጹ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤላቸዋለሁም። ፈጠን ብዬ ነው ያነበብኩት።

ፊልም ስቆርጥና ስገጥም ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር።

«መልሰሽ ለምትገጥሚው ለምን ቆረጥሽው?» አሉኝ አንድ ቀን።

ከመቀነታቸው ለውዝ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና በስንት ዓመቴ እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውስ በስልሳቸው ቢጀምሩ አሉኝ። የመሬታቸውን ወረቀት ሁልጊዜ በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት፤ እጃቸው ከዳነ ግን ስማቸውን በራሳቸው እጅ መጻፍ ይፈልጋሉ።

በየሳምንቱ፣ መዝገቡ እስኪገለበጥ፣ እርሳስ አስይዛቸው ጀመር። ሙ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየን። ሚ ላይ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ከመስመሩ ወጣ፤ ግን ሚ ነበር። ና ቀረ።

በዚያው ሰሞን ለውዝ ሲነቅሉ ፊልሙን ማጭድ ቆረጠው። እንዳሳየኋቸው ራሳቸው ገጥመው፣ በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ እንደገና አሰሩት። ሲመጡ ማሰሪያውን ፈቱና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ ፊልሙን ስቤ ሳላይ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩና ምልክቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ አየሁ። ምልክቱ ጥሩ ይሄድና ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆማል። በየቀኑ አምስት ጊዜ። ቁርጡ እየተከፈተ እየተዘጋ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ልጄ፣ ዳነ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«አልዳነም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ አዴ። በየቀኑ አምስት ጊዜ ያቅተዋል።»

አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ቀስ ብለው። ሻርፓቸውን አስተካከሉና ወጡ። እርሳሱን አልነኩትም። ቸኩለው ይሆናል ብዬ ነበር።

ምልክቱን በወረቀት አትሜ በማስመሪያ ለካሁት። የቆመባቸው ክፍተቶች እኩል አልነበሩም፤ ግን በየቀኑ በዚያው በዚያው ሰዓት ይውላሉ። ጣቴ የቀኑ አጋማሽ ላይ እንዳለ ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ተሰማ። የተቀሩትን አራቱን ፈተሽኩ፤ የሱብሂ፣ የአስር፣ የመግሪብና የኢሻ ሶላት ሰዓት ላይ ናቸው። ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲታጠቡ ውሃው ቆዳ መንካት አለበትና ማሰሪያውን ይፈቱታል፤ ሰግደው ሲጨርሱ መልሰው ያስሩታል። ተፈቶ የተቀመጠ ሴንሰር ምን ይናገራል? ያን ጊዜ ፊልሙን አንስቼ ሳብኩት። አልተላቀቀም።

ለዶክተር ስነግራቸው ደስ አላቸው። ፊልሙ በማሳ ላይ፣ በገበሬ እጅ ዳነ ማለት ነው አሉ። እኔ ግን ቃሉን ከእሳቸው አፍ ስሰማው «ልጄ፣ ዳነ?» ያሉኝ አዴ ትዝ አሉኝ።

«እሳቸው የጠየቁኝ ስለ እጃቸው ነው» አልኩ።

«ማን?»

«አዴ ሙሚና።»

ዶክተርም በሳምንቱ ሲመጡ እንድነግራቸው መከሩኝ። በሳምንቱ አልመጡም። ቅጹ ላይ ያለው ስልክ የጎረቤታቸው ነበር፤ ስደውል አይነሳም። ፈረስ መጋላ ወረድኩ። እሳቸው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሌላ ሴትዮ ለውዝ ዘርግታለች። ጎረቤታቸው ናት፤ ስልኩም የእሷ ነው። አዴ ሙሚና ማሳውን ለወንድ ልጃቸው ትተው ጅግጅጋ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል አለችኝ።

«የላብራቶሪ ሰዎች እጅሽ አይድንም አሏት። አምስት ጊዜ አይተው» አለች። ከዚያ ጋዋኔን አየት አድርጋ፣ «አንቺ ነሽ እንዴ?»

እኔ ነኝ አልኩ። ያልኩት ስለ ፊልሙ እንደሆነ፣ ስለ እጃቸው የማውቀው ነገር እንደሌለ፣ እሱን የሚያውቅ ሐኪም መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳኋት። እነግራታለሁ አለች። ለውዝ ገዛሁና ተመለስኩ።

መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ማሰሪያው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንዳንዴ አውጥቼ ቁርጡ የነበረበትን ቦታ በጣቴ እፈልጋለሁ፤ አይገኝም። ከሥሩ ሙ እና ሚ የተጻፉበት ወረቀት አለ። በገበያ ቀን በሩ ሲንኳኳ ዛሬም ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።

አዲስ የሚገቡ ቴክኒሽያኖች የመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ለምን «ገጠመ» እና «አልገጠመም» እንደሚል ይጠይቁኛል። «ዳነ» የሚባለው ለሰው ነው እላቸዋለሁ። እሱንም የሚለው ሐኪም ነው እንጂ እኛ አይደለንም።