ገመድ የሌለው ማይክራፎን

በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ ጅማ ሄርማታ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትናንት ልጄ ለሰርግ ማይክራፎን ሲሞክር “ሀሎ፣ ሀሎ” ማለቱ ያንን ቀን አመጣብኝ።

ሬዲዮ ጠጋኙ አባቴ ለቀበሌው ስብሰባ ገመድ የሌለው ማይክራፎን እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። መቀበያውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ ማይክራፎኑን ሰጠኝና “እየቆጠርሽ ራቂ፤ እስከ የት እንደሚሰማ ልየው” አለኝ።

እየቆጠርኩ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ቤታችን ደረስኩ። እናቴ ማይክራፎኑን አየችው፤ ገመድ ስለሌለው ግን የሚሠራ አልመሰላትም።

“ወንድምሽ ሰቃ ከተማ አክስትሽ ዘንድ እንዳለ ለማንም እንዳትናገሪ” አለችኝ። “ለውትድርና ይወስዱታል።”

የገዛ ድምፅዋ ከአዳራሹ ሲመጣ ሰማች። ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው አባቴ ከዚያ አጥፍቶት ድምፁ ተቋረጠ።

ወደ አዳራሹ ሮጬ ስመለስ የቀበሌው ሊቀመንበር ገና መግባታቸው ነበር። “ማን ነው ለውትድርና የሚወሰደው?” ብለው ይጠይቃሉ። ለስብሰባው ቀድመው ከመጡት አንዱ፣ ጎረቤታችን አባ ረሻድ፣ ከአግዳሚው ላይ ሆነው፣

“ኤዲያ፣ ይሄ ዕቃ መጮህ እንጂ መናገር የት ያውቃል” አሉ። “እኔ አንድ ቃል አልለየሁም። እናንተስ?”

የተቀመጡት ሁሉ “እኛም አልለየንም” አሉ።

ግራ ገባኝ። እኔ ከቤት ሆኜ የሰማሁትን እነሱ እዚያው ተቀምጠው እንዴት አልሰሙም? አባቴን ስጠይቀው “አልሐምዱሊላህ በይ” ብቻ አለኝ። አልኩ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ማር አስያዘችኝ። አባ ረሻድ ቤት ሄጄ፣ ማሩን ሰጥቻቸው እጃቸውን ሳምኩ።