አክስቴ የገለበጠችው የፊዚክስ ደብተር

ዛሬ ቡታጅራ፣ አባቴ በንጉሡ ጊዜ የተማረበትን የፊዚክስ ደብተር ስገልጥ መሃል ላይ የእጅ ጽሑፉ ተቀየረ።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው?»

«የእህቴ የዘይነባ ነው። ወባ ጥሎኝ ፈተና ደረሰ። የጓደኛዬን ደብተር ተውሳ ገለበጠችልኝ።»

አክስቴ ዘይነባ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እንግሊዝኛውን እንደ ሥዕል እያየች ነው ፊደል በፊደል የሣለችው። አባዬ በዚያው አጥንቶ ፈተናውን አለፈ።

(እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ በዛ ብዬ የማማርር ሰው ነኝ።)

ደብተሩን ይዤላት ሄድኩ። እያገላበጠች ሳቀች። ከዚያ አንድ ሥዕል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ምን እንደሆነ ያኔ ብጠይቀው ‹ፈተናው ይለፍና እነግርሻለሁ› አለኝ። ሳይነግረኝ አረጀን። ምንድን ነው?»

«የውሃ ፓምፕ ነው፣ አክስቴ። እጀታው ሲነቀነቅ ይቺ ክዳን ትከፈትና ውሃው ወደ ላይ ይገባል። መልሳ ስትዘጋ ወደ ጉድጓዱ አይመለስም።»

«ሱብሃነላህ! ይቺ ናት የምትይዘው?»

ክዳኗን ደጋግማ በጣቷ ነካቻት። አባዬን ልወቅስላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀጣዩን ገጽ ገልጣ «ይሄስ?» አለችኝ።

እስከ አስር ሰዓት እዚያው ነበርን።

እናንተስ ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ የማን ደብተር አለ?