እትዬ መላጊያ

በንግድ ምክር ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ የምትቀመጠው ጸሐፊ ሥራዋ የነጋዴን ምሬት ለባለሥልጣን ጆሮ ማለስለስ ነው። ከየምክክር ጉባኤው በፊት በጽሑፍ የሚመጡትን ጥያቄዎች ትሰበስብና፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ «ሱቃችንን ለምን አሸጋችሁብን?» የሚለውን «ማብራሪያ ቢሰጥበት» ብላ ትገለብጠዋለች። ነጋዴዎቹ «እትዬ መላጊያ» ይሏታል፤ እንደ አናጢ መላጊያ ሻካራውን ሁሉ ስለምታነሳ።

ዛሬ ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እስክሪብቶዋ የመጨረሻው ወረቀት ላይ ቆመ። የባሏ የእጅ ጽሕፈት ነው። «ወፍጮዬ ከታሸገ አርባ ቀኑ። ጥፋትህ ይኸ ነው የሚለኝ ሰው አጣሁ።» ቤት ውስጥ «ያልፋል» ከማለት በቀር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«እትዬ፣ ሚኒስትሩ ደረጃው ላይ ናቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩን ይዞ። «እንደ አምናው አንድ እሾህ ካመለጠሽ እኔም አንቺም እቤታችን ነን።»

ቤቱ አሁን የቆመው በእሷ ደሞዝ ብቻ ነው። ሰው የሌላውን ሕመም ሲያለሳልስ ይኖርና የገዛ ቤቱ ሲደርስ ቃል ያጥረዋል። እስክሪብቶዋን ከደነች፤ የባሏን ወረቀት ከክምሩ አናት ላይ አድርጋ አቀበለችው።

«ይኸ አልተገለበጠም እኮ።»

«ሃያ ዓመት ላግሁላችሁ፤ ይኸን ሚኒስትሩ እንዳለ ያንብቡት» አለችና መነጽሯን አወለቀች።