በጥልቁ ጥግ ያለች ሴራሚክ

ኔንጋህ የእንግዳ ማረፊያውን እመቤት የኢቡ ራይን መዋኛ ገንዳ ማጠብ የጀመረው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ ሴራሚኩ ግን እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። በውሃው ልክ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ሴቶች ተረከዝ በሚፈትጉበት ድንጋይ ያነሳዋል። በሴራሚኮቹ መሀል ያለውን የሲሚንቶ ቦያካ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፍቃል። ወለሉን ደግሞ ዳር ቆሞ፣ ረጅም ቀርከሃ ላይ በታሰረ መፈግፈጊያ ይገፋዋል። የማረፊያው ወጥ ሠሪ ሙርኒ በየማለዳው በዘንባባ ቅጠል የተሰፋች ትንሽ ሳህን ላይ አበባና ሩዝ አድርጋ ለመናፍስቱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሳህኗን ይገለብጣታል፤ ኔንጋህም አበባውን ከውሃው ይለቅማል። በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም።

በዓመት አንድ ጊዜ ገንዳው ይፈስሳል። ያን ጊዜ ኔንጋህ በመሰላል ወደ ባዶው ጉድጓድ ወርዶ ጥልቁን ጥግ ተንበርክኮ ያጸዳል። ውሃው መሙላት ሲጀምር ይወጣል። ኔንጋህ ዋና አይችልም። ከሚስቱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ገንዳ የሚያጥብን ሰው ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ገንዳዎቹም የሩዝ ማሳዎቹም የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነውና የመንደሩ ገበሬዎች በቦዩ ራስ ባለው ቤተ መቅደስ ተሰበሰቡ። የውሃ አባቱ ተነሥተው፣ «ችግኙ ሥር እስኪይዝ ማንም ገንዳውን አፍስሶ እንዳይሞላ። የተስማማ እጁን ያውጣ» አሉ። የኔንጋህ ማሳ በቦዩ ጭራ ላይ ናት፤ ውሃ የሚደርሳት ሌላው ሁሉ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው። ኔንጋህ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ። ክንዱ እስኪዝል ድረስም አላወረደም።

በሳምንቱ ከጥልቁ ጥግ አንዲት ሴራሚክ ተነቀለች። ስለታም ጠርዟም የአንድ እንግዳን ጣት አቆሰለ።

«ኔንጋህ» አሉ ኢቡ ራይ። «ዓርብ ልጆች ያሏቸው እንግዶች ይገባሉ። ያቺ ሴራሚክ ቦታዋ ሳትመለስ የሰው ልጅ እዚያ ውስጥ አላስገባም።»

«ገንዳ ማፍሰስ ተከልክሏል፣ ኢቡ።»

«አውቃለሁ። ማን ቀድሞ እጁን እንዳወጣም ሰምቻለሁ።»

ኔንጋህ ጫማውን ለማየት አጎነበሰ። ጫማ አላደረገም።

«ጠልቀህ ለጥፋት። ውሃ ውስጥ የሚደርቅ ማጣበቂያ ከተማ ይሸጣል። ካልሆነልህ ንገረኝ፤ ደንፓሳር ከተማ አንድ ጠላቂ አለ፣ የገንዳውንም ሥራ አብሮ ይይዝልኛል።»

«ይሆንልኛል» አለ ኔንጋህ። ያለው አፉ ነው፤ እሱ አልነበረበትም።

ሐሙስ ኢቡ ራይ ገበያ ሲወጡ ኔንጋህ የቀርከሃ መሰላሉን በጥልቁ ጥግ አቆመ። በመሰላል ወርዶ በመሰላል ለሚወጣ ሰው ዋና ምን ያደርግለታል ብሎ አስቦበታል። ያላሰበው ቀርከሃ እንደሚንሳፈፍ ነው። ሁለት ደረጃ እንደወረደ መሰላሉ ከሥሩ ተነሥቶ ውሃው ላይ ተኛ። ኔንጋህ የገንዳውን ጠርዝ በክርኑ አንቆ ወጣ። ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ማድቤት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሙርኒ ብቅ አለች።

«ብሊ፣ የድንጋይ ሙቀጫዬን አይተሃል?» ብሊ፣ ማለትም ወንድም ጋሼ፣ የምትለው ታላቋ ስለሆነ ነው።

«አይቻለሁ።»

«የት አለ?»

«ዋና ሄዷል።»

ሙርኒ መጥታ አየች። ሙቀጫው ከመሰላሉ እግር ጋር በገመድ ታስሮ ታች ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ኧረ የእናቴ ነው! ቢሰምጥብኝስ?»

«ሰምጧል።»

«ምን ነካህ ሰውዬ? እንደ ሰው ዘለህ አትገባም? እንቁራሪት እንኳ መሰላል ስጡኝ አትልም!»

ኔንጋህ ግን ማጣበቂያውን እንደ ሊጥ አቡክቶ ሴራሚኳ ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ እሷን በጥርሱ ነክሶ መውረድ ጀምሯል። ወገቡ ገባ፣ ደረቱ ገባ። አገጩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጣዩ ደረጃ እግሩ ሥር ነበር፤ እግሩ ግን እምቢ አለ። በትንፋሹ ውሃው ፊት ለፊቱ ይሸበሸባል።

ኢቡ ራይ ከነዘንቢላቸው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። መሰላሉን አዩ፣ ኔንጋህን አዩ፣ ሙርኒን ወደ ማድቤት ሰደዷት።

«ኔንጋህ፣ ዋና አትችልም እንዴ?»

ሴራሚኳን ከጥርሱ አወጣ። «አልችልም፣ ኢቡ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

ኢቡ ራይ ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ሽርጣቸውን ሰብስበው ጠርዙ ላይ ተንበረከኩና የመሰላሉን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔም አልችልም» አሉ ቀስ ብለው። «ያሠራሁት ለእንግዳ ነው፤ እግሬን እንኳ ነክሬበት አላውቅም። ለሙርኒ ብትነግራት አባርርሃለሁ።»

«ብሰምጥስ?»

«ሙርኒን እጠራታለሁ። እሷ ትችላለች።»

«እችላለሁ!» አለች ሙርኒ ከማድቤት።

ኔንጋህ ሴራሚኳን መልሶ ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወረደ። ታች ድምፅ የለም። ያን ጥግ ግን ከዓይኑ ይልቅ ጉልበቱ ያውቀዋል። በመዳፉ ክፍቷን ፈልጎ አገኛት፤ ሴራሚኳን አስገብቶ ተጫናት። ወጣ፣ ተነፈሰ፣ ወረደ። ሲወጣ የሚያየው እነዚያኑ ሁለት እጆች ነበር፤ የጣቶቹ አንጓ ነጥቷል። ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ እጆቹ አልተነሡም።

የዚያን ምሽት የሙርኒ ድልህ ክሎሪን ክሎሪን ይል ነበር። ሁሉም ግን በላው።

ዓርብ ልጆቹ ገንዳው ውስጥ ሲጮሁ ኢቡ ራይ ዳር ቆመው ታች ታች አዩ።

«ጠማማ ናት።»

«ውሃው ነው፣ ኢቡ። ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠማማ ይመስላል።»

«ሌሎቹስ ለምን ቀጥ አሉ?»

ኔንጋህ አሰበ። «እነሱ ለምደውታል።»

«እንግዲህ ገንዳው ሲፈስስ አያታለሁ» አሉ ኢቡ ራይ። የደንፓሳሩን ሰውዬ ግን ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

ችግኙ ሥር ሲይዝ የውሃ አባቱ ገበሬውን መልሰው ሰበሰቡ። «ገንዳ ማፍሰስ ይፈቀድ? የተስማማ እጁን ያውጣ።» ከዳር እስከ ዳር እጅ ወጣ። የኔንጋህ እጅ ጉልበቱ ላይ ነበረች።

«ኔንጋህ፣ እንጀራህ እኮ ነው!» አለ ከኋላው አንዱ።

«ግዴለም» አለ ኔንጋህ። «ችግኙ ትንሽ ይጠንክር።»