በክንዳችን የለካነው ጥድ

ባለፈው ሳምንት የቁም ሳጥን በር ላስጠግን አሰላ ውስጥ አንድ አናጢ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ወጣቱ አናጢ ከፈረሰ ቤት የመጣ አሮጌ በር ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መላጊያውን አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው፣ በዕድሜ የጠቆረው ገጽ ተገፎ ቀዩ ውስጡ ብቅ አለና ሽታው ቤቱን ሞላው። የጥድ ሽታ ነበር። እዚያው የተደረደረ ቺፑድ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ ደንግጦ «እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት? ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ድንገት ቁጭ ካለ ወይ ስኳር ነው ወይ ግፊት፤ ዛፍ ነው ብለው ማን ያምነኛል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቲቸር አድማሱ የሚባሉ የሥዕል መምህር ከጎጃም ተመድበው መጡልን። ረጅም፣ ከሲታ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በከሰል የጠቆረ ሰው ነበሩ፤ የአሰላን ብርድ ሳይለምዱት ዛፎቿን ለመዱ። ያኔ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የቀረችው ትንሽ የጥድ ደን በየሳምንቱ በጋሪ እየተጫነች ወደ ከተማ ስትወርድ ሁላችንም እናያለን፣ ማገዶ ነውና ማንም ምንም አይልም፤ እሳቸው ግን የሰው አስከሬን ያለፈ ይመስል መንገድ ዳር ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ለየቢሮው ማመልከቻ ጻፉ። ማመልከቻው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለ፤ የሚመለከተው ክፍል የት እንዳለ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ክፍል ገብተው «ሰው ላላየው ነገር አያዝንም፤ እንሳለውና እናሳየው» አሉን።

በየቅዳሜው እየመሩን ወደ ደኑ እንወጣ ጀመር። ቀለም የሚባል አልነበረንም፤ ጥቁሩን ከተቃጠለ ጉቶ፣ ቡኒውን ከአፈር፣ አረንጓዴውን ከጎመን ቅጠል እየጨመቅን እንሥል ነበር፣ የጎመኑ ሥዕል በሳምንቱ ስለሚገማ እናቴ የእኔን ደብተር ከቤት ውጭ አሳደረችው። እያንዳንዳችን የራሳችን ዛፍ ነበረን። ውፍረቱን የምንለካው ግንዱን ዙሪያውን እጅ ለእጅ ተያይዘን በማቀፍ ነው፤ ይኼኛው ሁለት ልጅ፣ ያኛው ሦስት ልጅ ከክርን እንላለን። የእኔ ጥድ አምስት ልጅ ነበር። ጉንጬን ልጡ ላይ ለጥፌ፣ በወዲያ በኩል ያሉትን ልጆች ሳላያቸው ሳቃቸውን እየሰማሁ የቆምኩበት ያ ቅዝቃዜ እስካሁን ጉንጬ ላይ አለ።

ያ ዛፍ ከአዴ ቦንቱ ቤት ብዙም አይርቅም ነበር። አዴ ቦንቱ ደኑ ጥግ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ዝናብ ሲዘገይ የአካባቢው ሴቶች እናቶቻቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጧቸውን ሲንቄ፣ ያንን ቀጭን በትር፣ ይዘው ከዚያ ጥድ ሥር ይለምኑ ነበር። ስንመጣ ደስ ይላቸዋል፣ በቅቤ የታሸ ጩኮ በመዳፋችን ያድሉናል፤ ዛፉን አቅፈን መቁጠር ስንጀምር ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ከብት አይቆጠርም፤ ልጅ አይቆጠርም። ዛፍ ለምን ይቆጠራል? ዓይን ይበላዋል» ይሉን ነበር። እኛ የከተማ ልጆች፣ ሳይንስ የተማርን፣ እየተጎሻሸምን እንስቃለን። ቲቸር አድማሱም ፈገግ ይላሉ።

በዓመቱ መጨረሻ ሥዕሎቹ በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ቲቸር አድማሱ ሰው አይቶ እንዲወድ፣ ወዶም ሄዶ እንዲጎበኝ ብለው በየሥዕሉ ሥር የዛፉን ቦታና ውፍረት እንድንጽፍ አዘዙ። እኔ ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ያምራል እየተባልኩ ያበጥኩ ልጅ ነበርኩ። ከሁሉም አስበልጬ፣ እርምጃ ቆጥሬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከአዴ ቦንቱ በር ፊትን ወደ ጭላሎ አዙሮ፣ ምንጩን ተሻግሮ መቶ አርባ እርምጃ፣ ከትልቁ ድንጋይ በስተቀኝ። ውፍረቱ አምስት ልጅ።» ሰው ጎረፈ። ከመካከላቸው አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየ በማስታወሻ ደብተሩ ሲገለብጥ ዋለ። እኔ ጋ ሲደርስ «ጎበዝ! እስኪ መንገዱን በቃልሽ ንገሪኝ» አለኝ። ግጥም እንደሚያነብ ልጅ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንበለበልኩለት። ጋዜጠኛ መስሎኝ ነበር።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ሰውዬው ቆራጮች ይዞ መጣ። አዴ ቦንቱ እንደ አገሩ የጥሪ ወግ እልል ብለው ሴቶቹን ጠሩ፤ ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘው ጥዱን ከበቡት። በዚያ አገር ሲንቄ የያዘች ሴትን ገፍቶ የሚያልፍ ወንድ የለምና ቆራጮቹ፣ የዚያው ሰፈር ልጆች ነበሩ፣ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ያን ቀን ቲቸር አድማሱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እስክስታ ወረዱ፤ ያሸነፍን መስሏቸው ነበር። ሁላችንም መስሎን ነበር።

ሰውዬው ግን ሴቶቹ ራቅ ያለ መንደር ለቅሶ የሄዱበትን ቀን ጠብቆ፣ ስለ ሲንቄ ምንም የማያውቁ ሰዎች ከሩቅ አስመጥቶ በሞተር መጋዝ ገባ። ጩኸቱ ከክፍላችን ይሰማ ነበር። ቲቸር አድማሱ ጠመኔውን ጥለው ወጡ፣ እኛም ተከትለን ሮጥን። ስንደርስ የእኔ ጥድ ተጋድሞ ቀይ ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ተቆልሏል፤ አየሩ በሙሉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ሰውዬው ደብተሩን ገልጦ ለቆራጮቹ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቀጥሎ አራት ልጅ የሆነው፣ ከዚያ ሦስት ልጅ የሆነው፣ አንዱም ሳይዘለል። እኛው በጻፍነው መንገድ፣ እኛው በለካነው ልክ። ቲቸር አድማሱ ለደቂቃ አዳመጡና ምን እየተነበበ እንደሆነ ሲገባቸው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ሳያሠምሩ ዓመቱ አለቀ፤ በክረምቱ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፣ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አዴ ቦንቱ ጋ ይቅርታ ልጠይቅ ብቻዬን ወጣሁ። እንደ ወትሯቸው ጩኮ በመዳፌ ጣል አደረጉልኝና «አንቺ ልጅ ነሽ። ባትቆጥሪውም ይቆርጡት ነበር» አሉኝ። ዓይኔን ግን አላዩኝም። እውነታቸውን ይሁን አዝነውልኝ ዛሬም አላውቅም።

አናጢውን በሩ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት፤ «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት በር ስንት አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዚያን ጊዜ አሰላ በሮቿ በሙሉ ጥድ ነበሩ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። አዴ ቦንቱ ካረፉ ቆይተዋል፣ ቤታቸው የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። ምንጩ ደርቋል፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። ደኑ የነበረበት ባሕር ዛፍ ነው፣ አንዱን ግንድ በሁለት መዳፌ ያዝኩትና ጣቶቼ ተገናኙ። አብረውኝ ካቀፉት አራት ልጆች ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ የት እንዳሉ አላውቅም። የአዴ ቦንቱ በር በነበረበት ቆሜ ፊቴን ወደ ጭላሎ አዞርኩ፣ ደረቁን ምንጭ ተሻገርኩ፣ እርምጃዬን በልጅ ልክ አሳጥሬ እስከ መቶ አርባ ቆጠርኩ። ትልቁ ድንጋይ በግራዬ ቆሞ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ ዛሬም ቢሆን የጻፍኩትን የያዘ ሰው ቦታውን አይስተውም።