አንቀጽ ሰባት እና የሹፌሩ ዓይን

ሹፌሩ ሜዳውን ለቆ ሲወጣ ማንንም አልተሰናበተም። የደንቡን ደብተር ብብቱ ስር ወሽቆ፣ ከኋላው «አንተ! ሕጉ! ወዴት ነው?» እያሉ ሲጣሩት እንዳልሰማ ሆኖ እየተጣደፈ ቤቱ ገባ። በሩን ዘጋና ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆሞ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ቁጥሮቹ ይታያሉ፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። ቀኙን ሸፈነ። አሁን ጭራሽ ቁጥር የለም፤ ውሃ የፈሰሰበት ወረቀት ነው የሚመስለው። እንደገና ቀየረ። «ጠዋት እኮ ደህና ነበርኩ» አለ ለራሱ። ግን ጠዋት ተነስቶ ዓይኑን በየተራ እየሸፈነ የሚሞክር ማን ነው?

«ሕጉ» የሚሉት ለቀልድ ነው። ሰውዬው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ነው የሚነዳው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ አንድ መኪና እንኳ ጭሮ አያውቅም። እሁድ እሁድ ግን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ከቀላል እንጨት የተሠሩ፣ ሞተር የሌላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖችን፣ ግላይደር የሚሏቸውን፣ በእጅ እየወረወሩ የማን አየር ላይ ብዙ ቆየ ብለው የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። የውድድሩን ደንብ የጻፈው እሱ ነው። አምና ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ወረወረና ጠብ ሆነ፤ በነጋታው ሹፌሩ «የወርዋሪው እግር መሬት ላይ ይሁን» ብሎ ጻፈ።

«እና ብዘልስ? እግሬን ልትቸነክረው ነው?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

ተሳሳቁና «መሮጥና መዝለል ይፈቀዳል» ተብሎ ተጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንቀጹ አሥራ አንድ ደረሰ።

ጉድ ያመጣው ሰባተኛው ነው። የአንዱ ግላይደር ከሕንፃ ጀርባ ገብቶ ባለቤቱ «ገና እየበረረ ነው» እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ሲያደርቃቸው ስለዋለ፣ ሹፌሩ «ሰዓት ያዡ ግላይደሩን ማየት ካልቻለ ሰዓቱ ይቆማል» ብሎ ጻፈ። ሁሉም አጨበጨበለት። ሰዓት ያዡም እሱ ሆነ።

ዛሬ ፍጻሜው ነበር። ያሸነፈ ክለቡን ወክሎ ወደ ትልቁ ውድድር ይሄዳል። ፀጉር ቆራጩ አርባ አንድ ሰከንድ አስመዘገበ። የቀረችው የሹፌሩ ታናሽ እህት ናት፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ናት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክንፍ ስትሞርድ የኖረች። ዞር ብላ ወረወረች። ግላይደሩ ሽቅብ ወጣ፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ሞቅ ያለ አየር አገኘና እዚያው ይዞር ጀመር። ሹፌሩ በዓይኑ ይከተለዋል። ነጭ ደመና ስር ሲደርስ ጠፋበት። ፈለገ፣ የለም። ሠላሳ ስምንት ላይ የሰከንድ መቁጠሪያውን ተጭኖ አቆመው።

«ምን ነካህ?» ብላ ጮኸች እህቱ። «ያውና! ከአናትህ በላይ!»

«አላየሁትም። ደንቡ ደንብ ነው።»

ፀጉር ቆራጩ፣ ያሸነፈው ሰውዬ እንኳ፣ እንዳንጋጠጠ «ኧረ እኔም እያየሁት ነው ጎበዝ! እንዲህማ ማሸነፍ ያሳፍራል» አለ።

የክለቡ ሰብሳቢ የጋራዡ አለቃ ናቸው። እሳቸው አልጮኹም። ሹፌሩን ትክ ብለው አዩትና «ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትህ በፊት ወረቀት ታመጣልኛለህ። ወይ ደንቡ በትክክል ተሠርቶበታል በል፣ ወይ ሰዓት ያዡ ተሳስቷል በልና ለምን እንደተሳሳተ ጻፍ» አሉት።

ለምን የምትለዋ ናት ያስሮጠችው። ማየት አልቻልኩም ብሎ ከጻፈ፣ የሚያነቡት የሰርቪሱን ቁልፍ የሚሰጡት ሰውዬ ናቸው። ትክክል ነው ብሎ ከጻፈ እህቱ ቀረች። ውሸት ደግሞ አይሆንም እኮ፤ ማየት አልቻለም፣ ሰዓቱ ቆመ፣ ደንቡም የሚለው ይሄንኑ ነው። እውነት ሆኖ እንዴት እንዲህ ያስፈራል?

በሩ ተንኳኳ። እህቱ ናት።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጣላህ ነበር የመጣሁት» አለች ወንበር እየሳበች። «መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝልህ ጥለኸኝ አለፍክ። ኮራብኝ ብዬ ሳማህ ነው የከረምኩት።»

«መቼ?»

«አየህ?»

እሱ ደብተሩን ገለጠና «ደንቡን ላሻሽለው። ሰዓት ያዥ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢጠፋበት ሌላው ይቀጥላል» አለ።

«ጥሩ ነው። ለከርሞ ይሆናል። የዛሬውስ?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔን አትጠይቀኝ፤ ማሸነፍ እፈልጋለሁ፣ አፌ አይታመንም። ግን ነገ አርባ ሰው ጭነህ በዚህ ዓይን ልትወጣ ነው?»

ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀደደና «ሰዓት ያዡ ተሳስቷል። ግላይደሩ እየበረረ ነበር፤ ዓይኔ ነው ያላየው» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት። እህቱ አነበበችው፤ ደስ ይበላት ወይ ታልቅስ ግራ ገብቷት ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች።

«እና ከነገ ጀምሮ ካልነዳህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«እኔ እንጃ እህቴ» አለ። «ምንም አላውቅም።»